ብሩኔክ፤ የኢትዮጵያ ጦርነት ተመልሶ የነካት የድንበር ከተማ

መግቢያ

የታሪክ ትምህርት በመጽሐፍ ይጀመራል እንጂ በመጽሐፍ ብቻ አይፈጸምም። ስለ አንድ ቦታ ብዙ ያነበበ ሰው ቦታውን በዓይኑ ባየ ጊዜ ያነበበው ሁሉ ሌላ መልክ ይይዛል። እኛም አራት የታሪክ ተማሪዎች ለአጭር ትምህርት ወደ ኦስትሪያ፣ ወደ ኢንስብሩክ ከተማ በሄድንበት ጊዜ፣ ያገኘነውን የሁለት ቀን ዕረፍት ድንበር ተሻግረን በሰሜን ኢጣልያ የምትገኘውን የብሩኔክን ከተማ ለመጐብኘት አዋልነው።

ብሩኔክን የመረጥነው ስለ ውበቷ አይደለም፤ ውብ ከተማ በዚያ አገር ሞልቷል። ምክንያታችን አንድ ስም ነበር። በ1928 ዓ.ም. በአምባ አራዶምና በማይጨው ከተሰለፉት የኢጣልያ ክፍለ ጦሮች አንዱ «ፑስቴሪያ» ይባል ነበር። የአንዱ ጓደኛችን ቅድመ አያት በማይጨው የወደቁ ስለ ሆነ፣ ስለዚያ ጦርነት የተጻፈውን ሲመረምር ይህን ስም ደጋግሞ አገኘው። ትርጕሙን ቢፈልግ የጀግና ወይም የንጉሥ ስም ሳይሆን የአንድ ሸለቆ ስም ሆኖ ተገኘ። የሸለቆው ዋና ከተማም ብሩኔክ ናት።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ነገር አንድ ነው። የኢትዮጵያ ጦርነት ከሮማ ወጥቶ በኢትዮጵያ ላይ ወርዶ ያበቃ ነገር ተደርጎ ብዙ ጊዜ ይነገራል። እኛ ግን ጦርነቱ ወደ ኢጣልያ ድንበር ተመልሶ፣ ስሟን ለዘማቹ ጦር ያበደረችውን የዚያችን ሸለቆ ሕዝብ ከቤቱ ካፈናቀሉት ምክንያቶች አንዱ እንደ ሆነ ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመተ ምሕረት ተብሎ ከተመለከተው በቀር የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

፩. የከተማይቱ አቀማመጥና አመሠራረት

ከኢንስብሩክ የተነሣው ባቡር ሽቅብ ወጥቶ በ1,370 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለውን የብሬነርን በር ያልፋል። ይህ በር የኦስትሪያና የኢጣልያ ድንበር ነው። ከዚያ ቁልቁል ወርደን ፍራንትሰንስፌስቴ ከሚባለው ጣቢያ ባቡር ለወጥን። በዚህ ስፍራ ኦስትሪያ ከ1833 እስከ 1838 ያሠራችው ትልቅ የድንጋይ ምሽግ ቆሞ ይታያል። ምሽጉ በዚህ መንገድ የሚመጣን ጠላት ለማገድ የተሠራ ሲሆን፣ ድንበሩ በተዛወረ ጊዜ ውጊያ ሳይደረግበት በኢጣልያ እጅ ገብቷል። ምሽግ ድንበርን እንደማያጸና የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘነው ገና ከከተማው ሳንደርስ ነው።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው የፑስተር ሸለቆ የባቡር ሐዲድ በ1871 የተከፈተ ነው። ብሩኔክ በዚህ ሐዲድ ላይ፣ በሪየንትስ ወንዝ ዳር፣ 830 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ ትገኛለች። በእኛ አገር አነጋገር ይህ ከፍታ ቆላ ነው። ከከተማው በስተ ደቡብ ያለው የክሮንፕላትስ ተራራ እንኳ 2,275 ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ከአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች ዝቅ ይላል፤ ይሁን እንጂ ለብዙ ወራት በበረዶ ተሸፍኖ ይኖራል። ደጋና ቆላ የሚለው ቃል አገር ሲለወጥ ትርጕሙም እንደሚለወጥ በዚያ ተረድተናል።

ከተማይቱን የመሠረታት የብሪክሰን ጳጳስ ብሩኖ ነው። ይህ ሰው ከ1250 እስከ 1288 በጵጵስና የኖረ ሲሆን የከተማይቱ ስም ከስሙ የወጣ ነው፤ ስሟም በጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገኘው በ1256 ነው። በዚያን ዘመን የብሪክሰን ጳጳሳት መስቀልና ሰይፍ በአንድነት የያዙ ገዥዎች ነበሩ። ስለዚህ በኰረብታው ላይ ግንብ ሠሩ፤ ከግንቡ ሥርም በቅጥርና በበር የታጠረች አንዲት ጠባብና ጐባጣ የገበያ መንገድ ተዘረጋች። ከቬኒስ ወደ ጀርመን አገር የሚወጣው ነጋዴ ከሚያልፍባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ሸለቆ ስለ ነበር፣ ከተማይቱ በእንግዳና በገበያ ኖረች። ዛሬም ይህችን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመሄድ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይበቃል።

ይህች ትንሽ ከተማ ሁለት ታላላቅ ሰዎችን አይታለች። የመጀመሪያው ፈላስፋውና ካርዲናሉ ኒኮላስ ዘኩዛ ነው። በ1450 የብሪክሰን ጳጳስ ሆኖ ከተሾመ በኋላ ከቲሮል መስፍን ከሲጊስሙንድ ጋር በግዛት መብት ተጣላ፤ በ1460 በፋሲካ ሰሞን መስፍኑ በብሩኔክ ግንብ ከብቦ እጁን እንዲሰጥ አስገደደው። ቍስጥንጥንያ በወደቀችበት ዓመት፣ በ1453፣ ስለ ሃይማኖቶች ሰላም መጽሐፍ የጻፈው ሰው በጐረቤቱ ጦር መከበቡ የሚያስገርም ነው። ሁለተኛው ሠዓሊውና ቀራጩ ሚካኤል ፓኸር ነው፤ የሥራ ቤቱ በዚሁ ከተማ ነበር፤ ከ1471 እስከ 1481 የሠራው የቅዱስ ቮልፍጋንግ መንበር እስከ ዛሬ በኦስትሪያ ይታያል።

የጳጳሳቱ ዓለማዊ ሥልጣን በ1803 ቀረ። ከጥቂት ዓመታት የባቫሪያ አገዛዝ በስተቀር ብሩኔክ እስከ 1918 ድረስ በኦስትሪያ ነገሥታት ሥር ከቲሮል ጋር አንድ ሆና ኖረች።

፪. ድንበሩ እንዴት ተዛወረ

በ1915 በሎንዶን በተደረገ የምሥጢር ውል እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሩስያ፣ ኢጣልያ ከእነርሱ ጋር እንድትሰለፍ ሲሉ፣ ቲሮልን እስከ ብሬነር ድረስ ሊሰጧት ቃል ገቡ። የአገሩን ሰው የጠየቀው አልነበረም። በ1910 በተደረገው ቈጠራ በዚህ ደቡባዊ የቲሮል ክፍል ከሚኖረው ሕዝብ ከመቶ 89 ያህሉ ጀርመንኛ ተናጋሪ ሲሆን፣ ኢጣልያንኛ የሚናገረው ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነበር፤ በተራሮቹ መካከል ደግሞ ላዲን የሚባል የራሱ ቋንቋ ያለው ጥቂት ሕዝብ ይኖራል።

የጦርነቱ ግንባር በአጠገቡ ባሉት የዶሎሚት ተራሮች ላይ ነበር። ከከተማይቱ በላይ ባለው የጥድ ደን ውስጥ የዚያን ጊዜ የወታደሮች መቃብር ይገኛል። በኦስትሪያ ሠራዊት ውስጥ የነበሩ ክርስቲያኖች፣ ሙስሊሞችና አይሁድ፣ የሩስያ ምርኮኞችም ጭምር፣ እያንዳንዱ በሃይማኖቱ ምልክት ሥር ተቀብሯል። የከተማይቱ ሴቶች መቃብሩን ትውልድ ከትውልድ ሲንከባከቡ እንደ ኖሩ ነግረውናል። ይህን መቃብር ያነሣንበት ምክንያት ኋላ ላይ ይታያል።

በመስከረም 1919 በሳን ዠርመን በተፈረመው ውል አገሩ ለኢጣልያ ተሰጠ፤ በጥቅምት 1920 በሕግ ከግዛቷ ተቀላቀለ። የፋሽስት መንግሥት በ1922 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን ነገሩ ከግዛት ወደ ስም ተሸጋገረ። ኤቶሬ ቶሎሜይ የሚባል ሰው ለየመንደሩ፣ ለየወንዙና ለየተራራው የኢጣልያንኛ ስም አዘጋጅቶ ነበር፤ መንግሥት ይህን መዝገብ ሕጋዊ አደረገው። ብሩኔክ «ብሩኒኮ» ተባለች፤ የፑስተር ሸለቆ «ፑስቴሪያ» ሆነ፤ ቲሮል የሚለው ስም ራሱ ተከለከለ። ከ1923 ጀምሮ የጀርመንኛ ትምህርት ከየትምህርት ቤቱ እየተዘጋ ሄደ። ወላጆች ልጆቻቸውን በጓዳና በጐተራ ደብቀው በስውር ማስተማር ጀመሩ። ለዚህ ሥራ ዋና አበረታች የነበሩት ካህኑ ሚካኤል ጋምፐር ሲሆኑ፣ ትምህርቱም በጥንት ክርስቲያኖች መሸሸጊያ ስም «የካታኮምብ ትምህርት ቤት» ተባለ።

እንግዲህ በማይጨው የተሰለፈው ክፍለ ጦር «ፑስቴሪያ» የሚል ስም ሲይዝ፣ ያ ስም የአገሩ ሕዝብ የሚጠራበት ስም ሳይሆን ከላይ የተጫነበት ስም ነበር። ይህን ሳናውቅ ብሩኔክ ብንደርስ ኖሮ ሸለቆውን በሙሉ የጠላታችን አገር ነው ብለን እናልፈው ነበር።

፫. ከሸለቆው ወደ ማይጨው

አምስተኛው የአልፕ ተራራ ክፍለ ጦር «ፑስቴሪያ» የተቋቋመው በ1935 መጨረሻ ነው። በጥር 1936 በምጽዋ ወረደ። ወታደሮቹ አልፒኒ የሚባሉ የተራራ ውጊያ የተማሩ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የመጡት ከሌሎች የሰሜን ኢጣልያ አውራጃዎች ነበር።

ይሁን እንጂ ከደቡብ ቲሮል ሰው አልዘመተም ማለት አይደለም። በልዩ ልዩ ክፍሎች ተመድበው ወደ ኢትዮጵያ የተላኩት ጀርመንኛ ተናጋሪ ወጣቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። አብዛኞቹ በግዳጅ የተጠሩ ናቸው፤ ሥራና ደመወዝ ፈልገው በፈቃዳቸው የሄዱም ነበሩ። ጥሪው ሲመጣ በሌሊት ተራራ አቋርጠው ወደ ኦስትሪያ የሸሹም ጥቂት አይደሉም። ሦስቱም ዓይነት ሰው ከአንድ መንደር፣ አንዳንድ ጊዜም ከአንድ ቤት ይወጣ ነበር።

በየካቲት 1928 ዓ.ም. ክፍለ ጦሩ የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ በያዙት በአምባ አራዶም ላይ ዘመተ። ኢጣልያኖች በመድፍና በአውሮፕላን ብዛት አምባውን ከበው ያዙ፤ ራስ ሙሉጌታም በማፈግፈግ ላይ ሳሉ ወደቁ። ከዚያ በኋላ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው የመሩት የኢትዮጵያ ጦር ገና ጎሕ ሳይቀድ ባጠቃ ጊዜ፣ ከፊቱ ተሰልፈው ከጠበቁት ኃይሎች አንዱ ይኸው ክፍለ ጦር ነበር። በጎኑ የቆሙትም የኤርትራ ወታደሮች ነበሩ። ስለዚህ በዚያ ቀን የኢጣልያ መስመር የተገነባው በከፊል በግዛት ከተያዘ ሕዝብ በወጡ ሰዎች ነው። ጦራችን ከአንድ ቀን ብርቱ ውጊያ በኋላ ሲመለስ በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ ከአውሮፕላን በወረደ ቦምብና መርዝ ብዙ ሰው አለቀ። የኢጣልያ መንግሥት የመርዝ ጋዝ መጣሉን በግልጽ ያመነው በ1996፣ ማለት ከ60 ዓመት በኋላ ነው።

ጦርነቱ በኢጣልያ ቋንቋ ላይ እንኳ ምልክት ትቷል። ኢጣልያኖች ዛሬ ድብልቅልቅና ትርምስምስ ያለን ነገር «አምባራዳን» ይሉታል። ቃሉ የአምባ አራዶም ስም ነው። ይህን ቃል በየቀኑ ከሚናገሩት ብዙዎቹ ተራራ መሆኑን፣ በተራራውም ላይ ሰው መሞቱን አያውቁም።

፬. በካፑቺን አደባባይ

ከከተማይቱ አሮጌ ክፍል ወጣ ብሎ በካፑቺን መነኰሳት ገዳም ስም የሚጠራ አደባባይ አለ። በ1938 የፋሽስት መንግሥት በኢትዮጵያ ለዘመቱት አልፒኒዎች የድንጋይ ሐውልት ያቆመው በዚህ አደባባይ ነው። የአገሩ ሰው በቀልድ «የካፑቺኑ ቫስትል» ይለዋል፤ ቫስትል ሴባስቲያን ለሚባል ሰው የሚወጣ የቍልምጫ ስም ነው።

የሐውልቱ ታሪክ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ የድንበሩን ነገር ያስረዳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ተገለበጠ፤ በ1951 እንደገና ተሠርቶ ቆመ፤ በ1966 በፈንጂ ተመታ፤ ተጠግኖ ከቆመ በኋላ በ1979 ደግሞ ተመታ። እኛ በሄድንበት ጊዜ ያየነው ከመሠረቱ በላይ የቀረውን የላይኛውን አካል ብቻ ነው።

እንደ ደረስን በመጀመሪያ የተሰማን ደስታ መሆኑን አንሸሽግም። ለወረራ የቆመ ሐውልት ፈርሶ ማየት ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ቀላል ነገር አይደለም። ዳሩ ግን ጥቂት ቆይተን ስንነጋገር አንድ ነገር ተገለጠልን። ሐውልቱን ያቆሙት ስለ ኢጣልያ ክብር አቆሙት። ያፈረሱትም ስለ ቲሮል መብት አፈረሱት፤ ሐውልቱ ለእነርሱ የኢጣልያ አገዛዝ ምልክት ነበር። ሁለቱ ወገኖች ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩበት የኖሩት ሐውልት የኢትዮጵያ ጦርነት ሐውልት ሆኖ ሳለ፣ በክርክሩ ውስጥ ኢትዮጵያዊ የለበትም። በአምባ አራዶም የሞተው ሰው በመቆሙም በመፍረሱም አልታሰበም። ነገሩ መለወጥ የጀመረው የአገሩ ታሪክ ጸሐፊዎች በቅርብ ጊዜ የደቡብ ቲሮልንና የኢትዮጵያን ጦርነት አያይዘው መመርመር ከጀመሩ ወዲህ ነው፤ ለምሳሌ ያህል በ2006 በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ሰፊ የጥናት መጽሐፍ ታትሟል።

በአደባባዩ ቆመን ስንነጋገር አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ከየት እንደ መጣን ጠየቁን። ኢትዮጵያውያን መሆናችንን በነገርናቸው ጊዜ ጥቂት ዝም አሉና ወደ ቤታቸው ወሰዱን። ቡና ካቀረቡልን በኋላ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ አወጡ። በፎቶግራፉ ላይ አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራና በግርጌው የተተከሉ ድንኳኖች ይታያሉ። በጀርባው በእርሳስ «አምባ አራዶም፣ 1936» ተብሎ ተጽፏል፤ ሌላ ቃል የለበትም።

ፎቶግራፉን ያነሣው የእናታቸው ወንድም እንደ ነበረ መምህሩ አስረዱን። «መጥሪያው የመጣለት በደንብ በማያነበው ቋንቋ ነበር» አሉን። «ወንድሙ ሸሸ፤ እሱ ግን አባቱ ይታሰራል ብሎ ስለ ፈራ ሄደ። ከተመለሰ በኋላ ስለዚያ አገር አይናገርም ነበር። በ1939 ጀርመንን መርጦ ከቤተ ሰቡ ጋር ወጣ፤ የጀርመን ልብስ ለብሶም ሩስያ ውስጥ ቀረ። የሁለት መንግሥት ልብስ ለበሰ፤ አንዱም የራሱ አልነበረም።»

ጓደኛችን የቅድመ አያቱን ነገር በትሕትና ነገራቸው። መምህሩ «ስማቸው ማን ነበር?» ብለው ጠየቁት፤ ከነአባት ስሙ እየነገራቸው በማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። «እናንተ የእኛን ሰዎች እንደማታውቋቸው ሁሉ እኛም የእናንተን ስም አናውቅም ነበር» አሉ። የፎቶግራፉን ቅጂም ሰጡን።

የእኒህን ሰው ነገር እዚህ ያገባነው ልብ ለማራራት አይደለም። ተገድዶ የዘመተ ሰው ጥይት ከወዶ ዘማች ጥይት አይለይም፤ የሞተውም አይነሣም። ጓደኛችንም ከቤታቸው ስንወጣ ያለው ይህንኑ ነው። ነገር ግን የታሪክ ተማሪ ፍርድ ከመስጠቱ በፊት ማን በምን መንገድ እንደ መጣ ማወቅ ይገባዋል።

፭. ጦርነቱ ወደ ድንበሩ እንዴት ተመለሰ

መምህሩ «በ1939 ጀርመንን መርጦ» ያሉት ነገር ማብራሪያ ይፈልጋል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም በዚህ ላይ ነው።

ከኢትዮጵያ ጦርነት በፊት ሙሶሊኒ የኦስትሪያ ነጻነት ጠባቂ ነበር። በሐምሌ 1934 ናዚዎች በቪየና የኦስትሪያን መሪ ዶልፉስን በገደሉ ጊዜ ጦሩን ወደ ብሬነር አስጠግቶ ጀርመንን አስፈራራ። በሚያዝያ 1935 ደግሞ በስትሬዛ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ሆኖ የኦስትሪያን ነጻነት እንደሚደግፍ አረጋገጠ። ይህን ያደረገው ለኦስትሪያ አዝኖ አይደለም። ኦስትሪያ ደካማ ጐረቤት ናት፤ ጀርመን ግን ብርቱ ናት፤ ብርቱው ጐረቤት ብሬነር ላይ ከቆመ በደቡብ ቲሮል ያለው ጀርመንኛ ተናጋሪ ሁሉ ወደዚያ ይመለከታል ብሎ ስለ ፈራ ነው።

በጥቅምት 1935 ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ይህ አቋም ፈረሰ። የመንግሥታት ማኅበር በኅዳር የንግድ ማዕቀብ ጣለ። ማዕቀቡ ነዳጅ ዘይትን ስላልነካ ኢትዮጵያን አላዳነም፤ ኢጣልያን ግን ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ አራቃት። ጀርመን በመጀመሪያ ኢጣልያ በአፍሪካ እንድትጠመድላት ብላ ለኢትዮጵያ በምሥጢር ጥቂት መሣሪያ ሰጥታ ነበር፤ ወዲያው ደግሞ የኢጣልያ ወዳጅ ሆና ቀረበች። በ1936 መጨረሻ «የሮማና የበርሊን አክሲስ» ተባለ። በመጋቢት 1938 ሂትለር ኦስትሪያን ሲውጥ፣ ከአራት ዓመት በፊት ጦር ያስጠጋው ሙሶሊኒ ዝም አለ። የተፈራው ብርቱ ጐረቤት ብሬነር ላይ ቆመ።

ወዳጅነቱ እንዳይበላሽ ሁለቱ መንግሥታት የድንበሩን ጥያቄ በሕዝቡ ላይ ሊጨርሱት ፈለጉ። ሂትለር በግንቦት 1938 ሮማ ላይ ባደረገው ንግግር የአልፕ ድንበር ለዘላለም የማይነካ ነው አለ። በሰኔ 1939 በርሊን ላይ በተደረገው ስምምነት የደቡብ ቲሮል ሰው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ታዘዘ፤ ወይ የጀርመን ዜጋ ሆኖ አገሩን ለቆ ይወጣል፤ ወይ ቋንቋውንና ልማዱን ትቶ ኢጣልያዊ ሆኖ ይቀራል። የሚቀሩት ወደ ሲሲሊ ይጋዛሉ የሚል ወሬም በሰፊው ተነዛ። ከመቶ 80 በላይ የሚሆነው ሕዝብ መውጣትን መረጠ። ጦርነቱ ነገሩን ሳያቋርጠው 75,000 ያህል ሰው ወጥቶ ነበር። በኢንስብሩክ ለእነርሱ የተሠሩት ቤቶች እስከ ዛሬ «የደቡብ ቲሮል ሰፈር» ይባላሉ፤ ብሩኔክን ከማየታችን በፊት በአጠገባቸው እያለፍን ምንነታቸውን አላወቅንም ነበር።

በመንደሮቹ ውስጥ የሚወጡትና የሚቀሩት እርስ በርሳቸው ተጠላሉ፤ ወንድም ከወንድሙ ተለያየ። ቁስሉ ከጦርነቱ በኋላም ለብዙ ዓመታት አልሻረም።

እርግጥ የኢትዮጵያ ጦርነት የዚህ ሁሉ ብቸኛ ምክንያት ነው አንልም። የሂትለር ምኞትና የፋሽስት መንግሥት የቋንቋ ጭቈና ከዚያ በፊት የነበሩ ናቸው። ነገር ግን ጦርነቱ ባይኖር ኢጣልያ በ1938 ዝም የማለቷ፣ በ1939ም ያን ስምምነት የመፈረሟ ነገር አጠራጣሪ ነበር። በዚህ ዓይን ሲታይ ከብሩኔክ ወደ ማይጨው የሄደው መንገድና ከብሩኔክ ወደ ስደት የወጣው መንገድ አንድ መንገድ ነው።

፮. በአንድ ውል ውስጥ ሁለት ጉዳይ

የሁለቱ አገሮች ታሪክ እንደገና የሚገናኘው በወረቀት ላይ ነው። በየካቲት 10 ቀን 1947 በፓሪስ በተፈረመው የኢጣልያ የሰላም ውል፣ በ33ኛው አንቀጽ ኢጣልያ የኢትዮጵያን ነጻነትና ሉዓላዊነት ታውቃለች፤ በ37ኛው አንቀጽ የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ ለመመለስ ትገደዳለች፤ በ74ኛው ደግሞ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለኢትዮጵያ ይወሰናል። የኢትዮጵያን ልዑካን የመሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ። የዚሁ ውል አራተኛ አባሪ የኢጣልያው መሪ አልቺዴ ደ ጋስፔሪና የኦስትሪያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ካርል ግሩበር በመስከረም 1946 የተፈራረሙት ስምምነት ነው። በዚህ አባሪ ለደቡብ ቲሮል ሕዝብ በቋንቋው የመማርና ራሱን የማስተዳደር መብት ተሰጥቷል። ደ ጋስፔሪ ራሱ በጐረቤቱ በትሬንቲኖ የተወለደና ከ1918 በፊት በቪየና ፓርላማ የተቀመጠ የድንበር ሰው ነበር።

ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠና ሰው 33ኛውን አንቀጽ አንብቦ መጽሐፉን ይዘጋል፤ ስለ ቲሮል የሚያጠናውም አባሪውን አንብቦ ይዘጋል። ሁለቱም ጉዳዮች ከአንድ አጥፊ የመጡ፣ በአንድ ውል የታሰሩ መሆናቸው ልብ አይባልም።

አፈጻጸሙም ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ዘግይቷል። በ18 ወር ውስጥ እንዲመለስ የተባለው የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ2005 ሲሆን በቦታው የቆመው በ2008 ነው። የቲሮልም መብት በ1948 በወጣው ሕግ ከትሬንቲኖ ጋር ተጣምሮ ስለ ተሰጠ ሕዝቡ ተታለልን አለ። በሰኔ 1961 በአንድ ሌሊት ብዙ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች በፈንጂ ወደቁ፤ ለዓመታትም ሰው ሞተ። ጉዳዩ በተባበሩት መንግሥታት ከታየ በኋላ በ1972 ሰፋ ያለ የራስ አስተዳደር ሕግ ወጣ፤ ኦስትሪያና ኢጣልያም ክርክራቸውን በ1992 ዘጉ።

ዛሬ በብሩኔክ የመንገድ ስም በጀርመንኛም በኢጣልያንኛም ተጽፎ ይታያል። በ2011 በተደረገው ቈጠራ ከከተማይቱ ነዋሪ ከመቶ 80 በላይ የሚሆነው ጀርመንኛ ተናጋሪ ነው። ጳጳሱ ብሩኖ ባሠራው ግንብ ውስጥ በዚያው በ2011 የተራራ ሕዝቦችን ኑሮ የሚያሳይ ሙዚየም ተከፍቷል፤ የአፍሪካ ተራራ ሰዎችም በዚያ ይታሰባሉ። ከግንቡ ሆነን ቁልቁል ስናይ የካፑቺን አደባባይ ከሥራችን ነበር።

መደምደሚያ

ከዚህ ጕብኝት ሦስት ነገር ተምረናል።

አንደኛ፣ የጠላት ሠራዊት የሚባለው አንድ ወጥ ነገር አይደለም። በማይጨው ከተሰለፉት ውስጥ ቋንቋው የተከለከለ የቲሮል ገበሬ ልጅና አገሩ በቅኝ የተያዘ የኤርትራ ሰው ነበሩ። ይህን ማወቅ የወራሪውን ጥፋት አያቀልም፤ እንዲያውም ጥፋቱ ምን ያህል ሰፊ እንደ ሆነ ያሳያል።

ሁለተኛ፣ የኢትዮጵያ ታሪክ የአውሮፓ ታሪክ ዳር አይደለም። በ1935 የተጣሰው ውል ለኢትዮጵያ ብቻ የተጣሰ መስሏቸው ዝም ያሉ አገሮች፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ነገሩ ደጃቸው ሲደርስ አይተዋል። የብሩኔክ ሕዝብ የዚህ ምስክር ነው።

ሦስተኛ፣ መታሰቢያ ሲቆም ማን እንደ ታሰበ ብቻ ሳይሆን ማን እንደ ተረሳ መጠየቅ ይገባል። በጥድ ደኑ ውስጥ ያለው መቃብር ለሞተ ሁሉ፣ ለጠላት ምርኮኛ እንኳ፣ ምልክት ሰጥቷል። የአደባባዩ ሐውልት ግን ለአንድ ወገን ብቻ የቆመ ስለ ሆነ ሰላም አላገኘም።

ስለዚህ ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው ሐሳብ አለ። የማይጨው ዘማቾች ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ልጆቻቸውም እያለቁ ናቸው። በየቤታችን የሚነገረውን፣ ስምን ከነአባት ስም፣ የወደቁበትን ስፍራ፣ ከማን ሥር እንደ ዘመቱ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በየዕረፍቱ ቢጽፍ ብዙ ነገር ከመጥፋት ይድናል። ከዚያ በኋላ ይህን ማስረጃ በቲሮል ቤቶች ካለው ደብዳቤና ፎቶግራፍ ጋር ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። ጓደኛችን ከተመለስን በኋላ ከአያቱ ጠይቆ የቅድመ አያቱን ታሪክ በሁለት ገጽ ጽፎ፣ አንዱን ቅጂ ለቤተ ሰቡ፣ አንዱን ለኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ደግሞ በብሩኔክ ላሉት መምህር ልኳል። የአምባ አራዶም ፎቶግራፍ ቅጂም በቤተ መጻሕፍቱ ከጽሑፉ ጋር ተያይዞ ይገኛል።